በድንጋዩ ውስጥ የተረሱት ነዋሪዎች፦ የ1921ዱ የራይኒ ጥናት ዛሬ ሲነበብ

"የመጀመሪያዎቹ የየብስ ዕፅዋት" የሚል ሥዕል በመጽሐፍ ወይም በስልካችሁ ላይ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። እንፋሎት የሚወጣው ኩሬ ይታያል፤ ዳር ዳሩን ቅጠል የሌላቸው፣ ከአንድ እርሳስ ብዙም የማይረዝሙ አረንጓዴ ዘንጎች ቆመዋል፤ ከታች ደግሞ "ዕፅዋት የብስን ድል አደረጉ" የሚል መግለጫ ይነበባል። ሥዕሉ ያምራል፤ ውሸትም አይደለም። ግን ባለቤቶቹን ትቶ እንግዶቹን ብቻ ያነሳ የሠርግ ፎቶ ይመስላል።

ያልተነሱት እነማን ናቸው? ባክቴሪያዎች፣ አልጌዎች (ዋቅላሚዎች) እና ፈንገሶች ናቸው። የሚገርመው ደግሞ ሥዕሉ የተቀዳበት ድንጋይ እነዚህንም ደህና አድርጎ አስቀምጧቸዋል። ታዲያ ለምን ተረሱ? ዛሬ ይህን ጥያቄ ይዘን አንድ የቆየ ጥናት አብረን እንመርምር። ጥናቱ የታተመው በ1921 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጥሩ ሥራ ነው፤ ጥሩ ሥራ ስለሆነም ነው ሂስ የሚገባው።

ከአጥር የወጣ ድንጋይ

ነገሩ የሚጀምረው በሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድ፣ አበርዲንሻየር ውስጥ ባለች ራይኒ በምትባል መንደር ነው። በ1910ዎቹ መጀመሪያ ዊሊያም ማኪ የሚባል ሐኪም በአካባቢው ይዘዋወር ነበር። ሥራው ሕክምና ይሁን እንጂ ልቡ ከድንጋይ ጋር ነበር። በመንደሩ አቅራቢያ ባለ የድንጋይ አጥር ውስጥ ቸርት የሚባል፣ የባልጩት ዓይነት ጥንካሬ ያለው ድንጋይ አየ። ድንጋዩ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ በስሱ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የዕፅዋት ግንድ ተገኘበት፤ ያውም ከነሕዋሳቱ።

ከዚያ ቦይ ተቆፍሮ ድንጋዩ ከመሬቱ ውስጥ ወጣ። ሁለት ዕውቅ የዕፅዋት ቅሪተ አካል ተመራማሪዎች፣ ሮበርት ኪድስተን እና ዊሊያም ሄንሪ ላንግ፣ ሥራውን ተረከቡ። ከ1917 እስከ 1921 ድረስም በኤድንብራው የሮያል ሶሳይቲ ጆርናል ላይ በአምስት ክፍሎች ጥናታቸውን አሳተሙ።

የድንጋዩ ዕድሜ ዛሬ ወደ 407 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይገመታል። ዳይኖሰሮች ሊመጡ ገና ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ ይቀራል ማለት ነው። ይህን ያህል ዘመን አንዲት ስስ ሕዋስ እንዴት ሳትፈርስ ትቆያለች?

መልሱ ፍል ውሃ ነው። አካባቢው በዚያ ዘመን ፍል ውሃ የሚፈልቅበት፣ ከምንጮቹም ራቅ ብሎ ለብ ያሉና ቀዝቃዛ የጨዋማ ያልሆነ ውሃ ኩሬዎች የነበሩበት ሜዳ ነበር። ከመሬት በታች ያለ ትኩስ ውሃ ከዓለቱ ውስጥ ሲሊካ ያሟሟል። ሲሊካ የአሸዋና የመስታወት ዋና ንጥረ ነገር ነው። ውሃው ወደ ላይ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ሲሊካውን ተሸክሞ መቆየት አይችልም፤ ይጥለዋል። የተጣለው ሲሊካ ዕፅዋቱን፣ ፈንገሱን፣ አልጌውን ሁሉ ሸፈነ፤ ሕዋሳቱም ውስጥ ገብቶ ሞላ። አንዳንዱ ሳይበሰብስ፣ አንዳንዱ በመበስበስ ላይ እያለ፣ አንዳንዱም ሕይወቱ ሳያልፍ በፊት ተያዘ። ይህን "እያለ ተያዘ" የሚለውን ነገር አስታውሱት፤ ወደ ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

አምስተኛው ክፍል

የመጀመሪያዎቹ አራት ክፍሎች ስለ ዕፅዋቱ ናቸው። ባክቴሪያዎቹ፣ አልጌዎቹና ፈንገሶቹ ተራ የደረሳቸው በአምስተኛውና በመጨረሻው ክፍል ነው። እዚያም ቢሆን ብቻቸውን አይደሉም፤ ድንጋዩ እንዴት በንብርብር እንደተጠራቀመና እንዴት እንደተጠበቀ ከሚያብራራው ክፍል ጋር ተዳብለዋል።

በመጀመሪያ ምስጋናውን ላስቀድም። ኪድስተን እና ላንግ ያዩትን ነገር በጥንቃቄ ገለጹ፣ ፎቶግራፍ አነሱ፣ አሳተሙ። ስም ሊሰጡት ያልቻሉትን ፈንገስ እንኳ አልጣሉትም፤ ቁጥር ሰጥተው "ይህን አየን፣ ምን እንደሆነ አልለየንም" በሚል መንፈስ አስቀመጡት። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሰው ያልገባውን ነገር ለማሳየት ድፍረት ያስፈልገዋል። በጥናት ላይ ያላችሁ ልጆች ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህንን ውሰዱ።

አሁን ወደ ሂሱ። በክፍሉ ርዕስ ላይ እነዚህን ሁሉ ደቂቅ ፍጥረታት በአንድ ላይ የሚጠራው ቃል "ታሎፋይታ" የሚል ነው። በጊዜው ቃሉ ሥር፣ ግንድና ቅጠል የሌላቸውን ሁሉ የሚያጠቃልል ነበር። አስተውሉ፦ የሚያሰባስባቸው ያላቸው ነገር ሳይሆን የሌላቸው ነገር ነው። "ቀሪው ሁሉ" ብሎ እንደመጥራት ማለት ነው። ዛሬ እንደምናውቀው ፈንገስ ከተክል ይልቅ ለእንስሳ የቀረበ ዘመድ ነው፤ ባክቴሪያ ደግሞ ከሁለቱም እጅግ የራቀ ነው። እነዚህን በአንድ ከረጢት መክተት ዶሮን፣ ሸረሪትንና ጎመንን "ቀንድ የሌላቸው" ብሎ አንድ ላይ እንደ መቁጠር ነው።

ሁለቱ ሰዎች ቃሉን አልፈጠሩትም፤ የዘመናቸው የተለመደ ቃል ነበር። ስለዚህ ስለ ቃሉ እነሱን መውቀስ አይገባም። ግን ቃሉ ምን እንዳደረገ ማየት ይገባናል። "ቀሪው ሁሉ" የተባለ ነገር የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ መቀመጡ አይቀርም። የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ የተቀመጠ ነገር ደግሞ ሌሎች ታሪኩን ሲያሳጥሩት መጀመሪያ የሚቆረጠው ነው። የኋላው ሥዕል እንዲህ ነው የተወለደው።

በላተኛ ወይስ ሸሪክ?

ትልቁ ጉዳይ የፈንገሶቹ ነው። ኪድስተን እና ላንግ በዕፅዋቱ ግንድ ውስጥ ብዙ የፈንገስ ክሮች አዩ። ምን ይሠሩ ነበር? ሁለት አማራጭ አለ። አንደኛው፣ ተክሉ ሞቶ ፈንገሱ እየበላው ነበር። ሁለተኛው፣ ተክሉ በሕይወት እያለ ፈንገሱ አብሮት ይኖር ነበር፤ ከአፈር ውሃና ማዕድን እያቀበለው፣ ከተክሉም ስኳር እየተቀበለ። ይህ ሁለተኛው ኑሮ ማይኮራይዛ ይባላል፤ ዛሬ አብዛኞቹ የየብስ ዕፅዋት የሚኖሩት እንዲህ ነው።

ሁለቱ ተመራማሪዎች ጥያቄውን አንስተዋል። ግን አብዛኞቹን ፈንገሶች የሞተ አካል በላተኞች አድርገው ነው ያዩዋቸው፤ የሽርክናውን ነገር ሳይቆርጡ ተውት። ሳይንቲስት ማስረጃው ካልበቃው ቆም ማለቱ ተገቢ ነው፤ በዚህ አልወቅሳቸውም። የኔ ትችት ሌላ ነው። ጥያቄው የተቀመጠው በመጨረሻው ክፍል፣ በዝርዝር መግለጫዎች መሃል ስለሆነ ለብዙ አሥርት ዓመታት እንደ ጥቃቅን ጉዳይ ታየ። ዕፅዋት እንዴት በየብስ መኖር ቻሉ ከሚለው ከዋናው ጥያቄ ጋር ሳይገናኝ ቆየ። በ1975 ፒሮዚንስኪ እና ማሎክ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች "ዕፅዋት ወደ የብስ የወጡት ብቻቸውን ሳይሆን ከፈንገስ ጋር ተጋግዘው ነው" የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ያኔ ሰዎች ወደ ራይኒ ድንጋይ በሌላ ዓይን መመለስ ጀመሩ።

ታዲያ ከ407 ሚሊዮን ዓመት በኋላ በላተኛን ከሸሪክ እንዴት ትለያላችሁ? እስቲ መርማሪ ሆናችሁ አስቡት። የሞተ አካል የሚበላ ፈንገስ ሥርዓት የለውም፤ ያገኘውን ሁሉ እየጣሰ ይሄዳል፣ የሕዋሳቱ ግድግዳም ይፈርሳል። ሸሪክ ፈንገስ ግን የተወሰነ ቦታ አለው። በግንዱ ውስጥ በአንድ ንብርብር ብቻ ይገኛል፤ ሕዋሱ ውስጥ ገብቶም እንደ ትንሽ ዛፍ ይቀረነጫል። ይህ ትንሽ ዛፍ አርበስኩል ይባላል፤ የምግብ ልውውጡ የሚካሄደው እዚያ ነው። አርበስኩል የሚሠራው በሕያው ሕዋስ ውስጥ ብቻ ነው።

በ1994 ሬሚ፣ ቴይለር እና ባልደረቦቻቸው በትክክል ይህንኑ አሳዩ። አግላኦፋይተን በሚባለው የራይኒ ተክል ውስጥ፣ በግንዱ የተወሰነ ንብርብር ላይ አርበስኩሎች ተደርድረው ተገኙ። "እያለ ተያዘ" ያልኳችሁ ይሄ ነው፤ ሲሊካው ሁለቱን በልውውጥ ላይ እያሉ ደርሶባቸዋል። ልብ በሉ፣ አግላኦፋይተን ሥር የለውም። በሌላ አነጋገር፣ ሥር በሌለው ተክል ውስጥ እንኳ ሽርክናው ነበር። በ2014 ደግሞ ሆርኒዮፋይተን በተባለው ሌላ ተክል ውስጥ ሁለት የተለያዩ የፈንገስ ወገኖች መኖራቸው ተዘገበ።

እንግዲህ "ዕፅዋት የብስን ድል አደረጉ" የሚለውን ዓረፍተ ነገር መልሳችሁ አንብቡት። ድል አድራጊው ብቻውን አልነበረም እኮ!

ስሙ ተቀየረ፣ ፎቶው አልተቀየረም

አግላኦፋይተን የሚለው ስም ራሱ ትምህርት አለው። ኪድስተን እና ላንግ ይህን ተክል "ራይኒያ ሜጀር" ብለውት ነበር፤ ውሃ የሚያመላልሱ ዕውነተኛ ቱቦዎች አሉት ብለው ስላመኑ። በ1986 ዴቪድ ኤድዋርድስ የሚባል ተመራማሪ ቱቦዎቹ የተለመደው ውፍረትና ቅርጽ እንደሌላቸው አሳየ፤ ስሙም ተለወጠ። ስህተቱ ሊታረም የቻለው የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ያዩትን ነገር ከነማስረጃው ስላስቀመጡ ነው።

በደቂቅ ፍጥረታቱም ላይ የሆነው ይኸው ነው። የውሃ ውስጥ አልጌውን እንውሰድ። ኪድስተን እና ላንግ በጥንቃቄ "አልጋይትስ" የሚል አጠቃላይ ስም ሰጡት፤ በ1927 "ፓሊዮኒቴላ" ተባለ። ፓሊዮኒቴላ ካሮፋይት ከሚባሉት የጨዋማ ያልሆነ ውሃ አረንጓዴ አልጌዎች ወገን ነው፤ ካሮፋይቶች ደግሞ ከየብስ ዕፅዋት ጋር የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። በ1992 የወጣ ጥናት በዚህ አልጌ ላይ ጥገኛ ፈንገሶች ተለጥፈው፣ የተጠቁት ሕዋሳትም ከመጠን በላይ አብጠው እንደሚታዩ አሳየ። በሽታ ነው የምታዩት! የታመመ አልጌ ከነበሽታው ድንጋይ ሆኗል። ሕዋስ ለጥገኛ ምላሽ የሚሰጠው በሕይወት እያለ ብቻ ስለሆነ፣ ይህም የሞተ አካል ታሪክ አይደለም።

ሳያኖባክቴሪያዎቹም እንዲሁ። እነዚህ እንደ ተክል በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። የ1921ዱ ጥናት ክር መሳይ ቅርጾችን መዝግቦ ነበር። በ1959 ክሮፍት እና ጆርጅ ከዚያው ድንጋይ ቅርንጫፍ ያላቸውን ገልጸው ላንጊኤላ የሚል ስም ሰጡ፤ ለላንግ መታሰቢያ ነው። በ2023 ደግሞ ስትሩሉ-ደሪየን እና ባልደረቦቿ ላንጊኤላን በሌዘር ማይክሮስኮፕ በሦስት ገጽታ አይተው፣ ዛሬም በሕይወት ካለ አንድ የሳያኖባክቴሪያ ቤተሰብ ጋር አዛመዱት። በ1921 በአምስተኛው ክፍል ውስጥ ትንሽ ቦታ የነበራቸው ነዋሪዎች ከመቶ ዓመት በኋላ የራሳቸው ጥናት ደረሳቸው።

የኔ ቅሬታ ከዛሬው ታሪክ ጋር ነው

እውነቱን ለመናገር የ1921ዱን ጥናት ሳነብ ከቅሬታዬ ይልቅ አክብሮቴ ያይላል። ቅሬታዬ የሚበረታው ያንን ጥናት ጠቅሰው በሚነገሩ አጫጭር ታሪኮች ላይ ነው። ሦስት ነገሮችን ላንሳ።

አንደኛ፣ ቅደም ተከተሉ። ታሪኩ ሲነገር የብሱ ባዶ ነበር፣ ከዚያ ዕፅዋት መጡ ይባላል። ባዶ ግን አልነበረም። በዚያው በስኮትላንድ፣ በሰሜን ምዕራብ በኩል፣ ቶሪዶን በሚባል አካባቢ አንድ ቢሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የሐይቅ ደለል ዓለቶች አሉ። በ2011 ስትሮዘር፣ ብሬዢየር እና ባልደረቦቻቸው ከእነዚያ ዓለቶች ውስጥ ኒውክለስ ያላቸው ሕዋሳት የሠሯቸውን ደቃቃ ቅሪተ አካላት አሳይተዋል። ከአካባቢው ዓለቶች በአንዱ ክፍል ላይ "የባህር ውሃ ገብቶበት ይሆን?" የሚል ክርክር ተነስቷል፤ እንዲህ ያለ ክርክር ጤናማ ነው። አጠቃላይ ሥዕሉ ግን ግልጽ ነው። ራይኒ ላይ ዕፅዋት ሲበቅሉ በሐይቅና በኩሬ ውስጥ ሕይወት ከግማሽ ቢሊዮን ዓመት በላይ ቆይቶ ነበር። ዕፅዋት የደረሱት የተሰናዳ ቤት ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ የጦርነት ቋንቋው። "ወረሩ"፣ "ድል አደረጉ"፣ "ተቆጣጠሩ" ይባላል። ቃላቱ ለጆሮ ይጥማሉ። ግን ድንጋዩ ውስጥ የምናየው ሌላ ነው፤ መስጠትና መቀበል አለ፣ መታመም አለ፣ መበስበስ አለ። አንዱ የሌላው ምግብ፣ ማደሪያ፣ ጠላትና ሸሪክ ነው። ይህን በ"ድል" ስንናገር ልጆች "ተክል ማለት ብቻውን የሚቆም ነገር ነው" ብለው ያድጋሉ።

ሦስተኛ፣ አጉል እርግጠኝነት። እዚህ ላይ ደቂቅ ፍጥረታትን የምንወድ ሰዎችም ከትችት አንድንም። ክሪንግስ እና ባልደረቦቹ አንዳንድ ሳያኖባክቴሪያዎች በአግላኦፋይተን የትንፋሽ ቀዳዳዎች በኩል ገብተው በሕዋሳቱ መካከል መኖራቸውን አሳይተዋል፤ ይህም የሽርክና ጅምር ሊሆን እንደሚችል ሐሳብ አቅርበዋል። "ሊሆን ይችላል" ነው ያሉት። መግባታቸው ይታያል፤ ለተክሉ ጥቅም መስጠታቸው ግን ከቅርጽ ብቻ አይነበብም። እንደዚሁ ዊንፍሬናሺያ የሚባለው የፈንገስና የሳያኖባክቴሪያ ጥምረት በ1997 እንደ ጥንታዊ ሊከን ቀርቧል፤ ሊከን ድንጋይ ላይ እንደ ሽበት የሚለጠፈው ነገር ነው። ዕውነተኛ ሊከን ነው ወይ በሚለው ላይ ግን ሁሉም አልተስማማም። የተረሱትን ለማስታወስ ብለን ማስረጃው ከሚፈቅደው በላይ ብንናገር ያንኑ ስህተት በሌላ በኩል መድገም ነው።

እኛስ ምን አገባን?

"ይሄ የስኮትላንድ ድንጋይ ለኔ ምኔ ነው?" ትሉ ይሆናል። ሁለት ነገር ልንገራችሁ።

ቤታችሁ ቡና ሲፈላ አስቡት። የቡና ተክል ሥሩ ውስጥ አርበስኩል የሚሠሩ ፈንገሶች አሉ። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የምታዩት የሐበሻ ጥድ፣ ወይራና ዝግባም እንዲሁ ናቸው። በራይኒ ድንጋይ ውስጥ የተያዘው ልውውጥ ዛሬም በእግራችን ሥር እየተካሄደ ነው። ደን ተጨፍጭፎ አፈሩ ከተጠረገ በኋላ ችግኝ መትከል ብቻ የማይበቃው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ከዛፉ ጋር የሄዱ የማይታዩ ሸሪኮች አሉ። ስለ ታሪክ ያለን ሥዕል ስለ ዛሬው መሬት ያለንን ሥዕል ይሠራዋል።

ሁለተኛው በስምጥ ሸለቆ ያለው ነው። ዝዋይ (ደንበል)፣ ላንጋኖ፣ አቢጃታ እና ሻላ በአንድ ወቅት ተገናኝተው አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ። በአካባቢው ነጭ፣ ቀላል፣ እንደ ኖራ የሚቦን ዓለት ይገኛል፤ ዳያቶማይት ይባላል። ይህ ዓለት የተሠራው ከዳያቶሞች ቅርፊት ነው። ዳያቶም የሲሊካ ቅርፊት ያለው፣ በዓይን የማይታይ አልጌ ነው። በራይኒ ድንጋይ ውስጥ ዳያቶም የለም፤ የመጡት እጅግ ዘግይተው ነው። ነገር ግን ትምህርቱ አንድ ነው። ፍራንሷዝ ጋስ የተባለች ፈረንሳዊት ተመራማሪ የአፋርንና የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን ዳያቶሞች አጥንታ፣ ሐይቆቹ መቼ ሞልተው መቼ እንደጎደሉ ለማንበብ ተጠቅማባቸዋለች። አንዳንዱ ዝርያ ጨዋማ ውሃ ይወዳል፣ አንዳንዱ ጨው የሌለበትን፣ አንዳንዱ ጥልቁን፣ አንዳንዱ ዳሩን። ዝርያውን ያወቀ የጥንቱን ዝናብ ያነባል።

እኛ ግን ስለ ዳያቶማይት ስንጽፍ ብዙውን ጊዜ የምናነሳው ለማጣሪያ የሚሆን ማዕድን መሆኑን ነው። ማዕድንነቱ ጥሩ ነው፤ ይቆፈር፣ ይሸጥ። ግን ከመቆፈሩ በፊት ከየንብርብሩ ትንሽ ናሙና ቢቀመጥ ምን ይጎዳል? የራይኒ ታሪክ የሚነግረን ይህንን ነው። ለዕፅዋት ተብለው የተፈቀፈቁ ስስ ድንጋዮች፣ ስላልተጣሉ ብቻ፣ ማንም ያልፈለጋቸውን ነዋሪዎች ከአሥርት ዓመታት በኋላ አስገኝተዋል።

ስለዚህ ከእንግዲህ የጥንት ሕይወትን ሥዕል ስታዩ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። በዓይን የማይታዩት የት አሉ? አንዱ በሌላው ውስጥ የገባው በሕይወት እያለ ነው ወይስ ከሞተ በኋላ? ይህንንስ በምን አወቁ? የኪድስተንና የላንግ ጥናት የመጀመሪያውን ጥያቄ በመጨረሻው ክፍል መለሰ፣ ሁለተኛውን ሳይቆርጥ ተወ፣ ሦስተኛውን ግን በሚገባ አከበረ። ከመቶ ዓመት በኋላ እንድንተቸው ያስቻለንም እርሱ ነው።